የዓባይ በረሃ እንዴት ጎደጎደ?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጎሐ ጽዮን በኩል ወደ ጎጃም የሚሻገር መንገደኛ «ዓባይ በረሃ ወረደ» ይባላል እንጂ ሸለቆ ወረደ አይባልም። ስያሜው የቦታውን ጥልቀት ሳይሆን ሙቀቱን ያየ ነው፤ ከወንዙ ማዶ አፋፍ ላይ ባለችው ደጀን በማለዳ ጋቢ የሚያስፈልገው ሰው ከታች ወንዙ ላይ ያለው ድልድይ ዘንድ ሲደርስ ላብ ያጠምቀዋልና። ይሁን እንጂ ሙቀቱ ራሱ የጥልቀቱ ውጤት ነው፤ ወደ ታች በተወረደ ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ ከ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስለሚሞቅ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለው አፋፍ ተነሥቶ 1,050 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ወንዝ የሚወርድ ሰው በአንድ ሰዓት ጉዞ ውስጥ ከደጋ አፋፍ ተነሥቶ ወይና ደጋን አልፎ ቆላ ይገባል።

የአማርኛ ቋንቋ ለዚህ ዓይነቱ ቦታ አንድ ብቻ የሆነ ቃል የለውም። ገደል የሚያመለክተው ቀጥ ብሎ የቆመውን ግድግዳ ነው፤ ሸለቆ በሁለት ከፍታዎች መካከል ያለውን ዝቅተኛ ቦታ ሁሉ ይጠቀልላል፤ ቦረቦር ደግሞ ጎርፍ በቅርብ ዘመን የቦረቦረው ነው። የምድር ጥናት ሊቃውንት ካንየን የሚሉት፣ ወንዝ አለትን እየቆረጠ የሠራው፣ ግራና ቀኙ ገደል የሆነና ጥልቀቱ የጎላ ሸለቆ ነው። ይህ ከስምጥ ሸለቆ ጋር ሊምታታ አይገባም፤ ስምጥ ሸለቆ የምድር ቅርፊት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲጎተት መካከሉ ተሰንጥቆ የሰመጠ በመሆኑ ዝዋይና ላንጋኖ የተኙበትን ሜዳ የቆፈረ ወንዝ የለም፤ የዓባይን በረሃ ግን ሙሉ በሙሉ ውኃ ቆፍሮታል ማለት ይቻላል።

ይሁንና «ውኃ ቆፈረው» የሚለው አባባል ግማሹን እውነት ብቻ ይናገራል። ወንዝ የሚቆርጠው የሚወርድበት ከፍታ ሲኖረው ነው፤ በሜዳ ላይ የሚጓዝ ወንዝ፣ ውኃው የቱንም ያህል ቢበዛ፣ ይጥመለመላል፣ ደለል ያስቀምጣል እንጂ ወደ ታች አይቆፍርም። ለዚህ ምስክሩ ዓባይ ራሱ ነው፤ ሱዳን ሜዳ ከገባ በኋላ ገደል የሚባል ነገር አይታይበትም፣ የተሸከመውንም አፈር ማራገፍ ይጀምራል። ስለዚህ ገደላማ ሸለቆ በሚታይበት ስፍራ ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ወንዙ ምን ያህል ኃይለኛ ነው የሚለው ሳይሆን፣ ምድሩ መቼና በምን ምክንያት ከፍ አለ የሚለው ነው።

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ መልሱ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ይጀምራል። በዚያን ዘመን ከምድር ጥልቅ ክፍል የተነሣ ሙቀት ቅርፊቱን ወደ ላይ እየገፋ ሰነጣጠቀው፤ በስንጥቆቹ የፈሰሰው ቀላጭ አለትም ንብርብር እየሆነ ሰፊውን አገር አለበሰው። ሲቀዘቅዝ የሆነው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ይባላል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ለግንብና ለንጣፍ የሚጠረበው ጥቁር ድንጋይም የዚሁ ቤተሰብ ነው። ምድሩ ከዚያ ወዲህም መነሣቱን አላቆመም፤ ወንዙም መንገዱን ሳይለቅ በተነሣው ልክ ወደ ታች ቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት፣ ዓባይና ገባሮቹ ቁፋሮውን ከ29 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በዝግታ እንደጀመሩ፣ ከ10 ሚሊዮንና ከ6 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ደግሞ ምድሩ ይበልጥ በመነሣቱ ሥራው እንደተፋጠነ ያስረዳል። በዚያው ጥናት ስሌት ከአካባቢው ተቆርጦ የሄደው አለት ቢያንስ 93,200 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ይህም የጣና ሐይቅን ጉድጓድ ከ3,000 ጊዜ በላይ የሚሞላ ነው።

የመቁረጡን ሥራ የሚሠራው ንጹሕ ውኃ አይደለም። ውኃ ብቻውን ጠንካራ አለት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው፤ በክረምት የሚንከባለለው ቋጥኝ፣ ጠጠርና አሸዋ ግን ወፍጮ ላይ እንደሚሄድ መጅ የወንዙን ወለል ይፈጨዋል። ዓባይ ከዓመት ውኃው አብዛኛውን ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ስለሚያወርድ፣ ቁፋሮውም በአመዛኙ የእነዚያ ጥቂት ወራት ሥራ ነው። በበጋ ውኃው ሲጎድል በወንዙ ዳር ባሉ አለቶች ላይ የሚታዩት እንደ እንስራ የተፈለፈሉ ክብ ጉድጓዶች፣ አዙሪት ውስጥ የገቡ ድንጋዮች እየተሽከረከሩ የሠሯቸው ናቸው።

ከደጀን ወይም ከጎሐ ጽዮን ወደ ድልድዩ የሚወርደው መንገድ ግድግዳውን ገጽ በገጽ ያስነብባል። ከአፋፉ ላይ ያለው ባዛልት ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቆ እንደ ምሰሶ ስለቆመ ቀጥ ያለ ገደል ሆኗል። ከሥሩ ቢጫማውና ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ ይመጣል፤ ይህ ከ150 ሚሊዮን ዓመታት በፊት አካባቢውን ሸፍኖ በነበረ ባሕር ወለል ላይ የተጠራቀመ በመሆኑ በውስጡ የዛጎልና የሌሎች የባሕር እንስሳት ቅሪተ አካል ይገኛል፤ ከየትኛውም ባሕር በመቶዎች ኪሎ ሜትር በራቀ ተራራማ አገር መካከል የዛጎል ድንጋይ መልቀም የሚቻለው ለዚህ ነው። ዝቅ ሲባል ባሕሩ ጥልቀት ባልነበረው ጊዜ እየተነነ የተወው ጂፕሰም፣ ማለትም የጄሶ ድንጋይ፣ ከለስላሳ የጭቃ ድንጋይ ጋር ተፈራርቆ ይታያል፤ ሊቃውንት ይህን ክፍል በከተማይቱ ስም የጎሐ ጽዮን ንብርብር ይሉታል። ከሁሉም በታች፣ ድልድዩ አጠገብ፣ በአዲግራት ስም የሚጠራው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ አለ።

የግድግዳው ቅርጽ በእነዚህ ድንጋዮች ጥንካሬ ይወሰናል። ባዛልቱ፣ የኖራ ድንጋዩና የአሸዋ ድንጋዩ ገደል ሆነው ሲቆሙ፣ ጄሶውና የጭቃ ድንጋዩ እየተናዱ ተዳፋት ይሆናሉ፤ ስለዚህ ሸለቆው ከላይ እስከ ታች ደረጃ የተሠራለት ይመስላል። ስፋቱንም ወንዙ አልሠራውም። ወንዙ ልክ እንደ ቢላ ቀጭን መስመር ብቻ ይቆርጣል፤ ሸለቆው ወደ ጎን የሚሰፋው ከሥሩ ድጋፍ ያጣው ግድግዳ በዝናብ እየራሰ ሲናድ፣ እንደ ሙገር፣ ጀማና በሽሎ ያሉ ገባሮችም የየራሳቸውን በረሃ ሲቆፍሩ ነው። የጭስ ዓባይ ፏፏቴ ደግሞ ሥራው ገና ያላለቀበትን ስፍራ ያሳያል። ወንዙ ከጣና ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ጠንካራ የእሳተ ገሞራ አለት ላይ ደርሶ 45 ሜትር ያህል ይወረወራል፤ ከፏፏቴው በላይ ዝግ ያለ ሰፊ ውኃ ሲሆን፣ ከሥሩ ወዲያው ጠባብ ገደል ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያሉ ፏፏቴዎች ከሥር እየተቦረቦሩ ከላይ እየተናዱ በረጅም ዘመን ወደ ምንጩ ያፈገፍጋሉ፤ ገደሉም ይከተላቸዋል።

የዓባይ በረሃ ብዙ ጊዜ የሚነጻጸረው በአሜሪካ አሪዞና ግዛት ከሚገኘው ግራንድ ካንየን ጋር ነው። በኮሎራዶ ወንዝ የተቆረጠው ይህ ሸለቆ 446 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ እስከ 29 ኪሎ ሜትር ይሰፋል፣ ጥልቀቱም በአንዳንድ ስፍራ ከ1,800 ሜትር ያልፋል። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ብዙም ፍሬ የለውም፤ መልሱ የሚለካው ከየት እስከ የት እንደሆነ ይለዋወጣልና። ይልቅ የሚያስገርመው መመሳሰላቸው ነው፤ እዚያም የተነሣ አምባ ምድር አለ፣ እዚያም ጠንካራና ለስላሳ ድንጋይ ተፈራርቆ ደረጃ ሠርቷል። ልዩነቱ ግራንድ ካንየን በደረቅ አገር መሆኑ ነው፤ ዝናብ ስለማይበዛ ግድግዳው በአፈርና በዛፍ ሳይሸፈን እርቃኑን ይታያል። በጥልቀት ሁለቱንም የሚያስከነዳው በቲቤት የሚገኘው የያርሉንግ ጻንግፖ ሸለቆ ነው፤ ሂማላያ ዛሬም በፍጥነት እየተነሣ ስለሆነ፣ 7,782 ሜትር ከፍታ ያለውን የናምቻ ባርዋን ተራራ የሚዞረው ይህ ወንዝ በአንዳንድ ስፍራ ከ5,000 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው ገደል ሠርቷል። በፔሩ የሚገኘው ኮልካም ከ3,000 ሜትር ያልፋል።

ትናንሾቹ ግን ከትልልቆቹ ይልቅ አደገኛ ሊሆኑ ይችላሉ። በዚያው በአሪዞና በናቫሆ ሕዝብ ምድር የሚገኘው አንቴሎፕ ካንየን በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ የተቆረጠ ሲሆን፣ በአንዳንድ ቦታ ሰው ሁለት እጁን ዘርግቶ ግራና ቀኙን ሊነካ ይችላል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1997 ራቅ ብሎ በጣለ ዝናብ የመጣ ደራሽ ጎርፍ በዚያ ጠባብ መተላለፊያ የነበሩ 11 ጎብኚዎችን ገድሏል። ወንዝ የማይሠራቸውም አሉ፤ በማርስ ላይ 4,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው ቫሌስ ማሪነሪስ በዋናነት የፕላኔቲቱ ቅርፊት መሰንጠቅ ውጤት በመሆኑ፣ ካንየን ቢባልም አመጣጡ ለስምጥ ሸለቆ ይቀርባል።

በኢትዮጵያ ታሪክ ገደላማ ሸለቆ ድንበርም ምሽግም ሆኖ ኖሯል። ዓባይ ጎጃምን በሦስት በኩል ስለከበበ ወንዙን መሻገር ለዘመናት አገር እንደ መለወጥ ይቆጠር ነበር፤ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል የተሠራው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» የተባለው ድልድይም ጎጃምንና በጌምድርን ያገናኝ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ ወራት የፈጀባቸው በርቀቱ ብቻ አልነበረም፤ ጅዳንና በሽሎን የመሳሰሉ ወንዞች በቆፈሯቸው ገደሎች ላይ ቁልቁልና ሽቅብ መንገድ እያስጠረቡ መሄድ ስለነበረባቸው ነው። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በጳጉሜ 2000 ዓ.ም. የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ወንዙን በደቂቃ ያሻግራል፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር መንገድ ግን ለመሐንዲሶች አሁንም ፈተና ነው፤ የጭቃ ድንጋዩ ክረምት በገባ ቁጥር ውኃ እየጠጣ ይንሸራተታል፣ አስፋልቱም ይሰነጠቃል፣ ይጎብጣል።

ወንዝ እንዲቆፍር የሚያስፈልገው ከፍታ ግን የሚገኘው በምድር መነሣት ብቻ አይደለም፤ ወንዙ የሚገባበት ባሕር ቢወርድም ውጤቱ አንድ ነው። ይህ የዚያው የዓባይ ውኃ በሚያልፍበት በግብፅ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለአስዋን ታላቁ ግድብ መሬት ሲሰረሰር፣ ኢቫን ቹማኮቭ የተባለ የሶቪየት የምድር ጥናት ሊቅ ከወንዙ ወለል በታች ግራናይት ውስጥ የተቆረጠ ጥልቅና ጠባብ ገደል አገኘ፤ ገደሉም ከሜዲትራኒያን ባሕር እጅግ ርቆ ሳለ በባሕር ደለል ተሞልቶ ነበር። ቆይቶ የተገኘው ማብራሪያ፣ ከ6 እስከ 5.3 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ሜዲትራኒያንን ከአትላንቲክ ጋር የሚያገናኘው መተላለፊያ በመዘጋቱ ውኃው ተንኖ ከ1,000 ሜትር በላይ እንደወረደ፣ የጥንቱ ናይልም የወረደውን ባሕር ተከትሎ እንደቆፈረ ይናገራል። ካይሮ ሥር ይህ ሸለቆ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ባሕሩ ሲመለስ ሸለቆው እስከ አስዋን የሚደርስ ጠባብ የባሕር ክንድ ሆነ፣ ኋላም በወንዝ ደለል እየተሞላ ሜዳ ሆነ፤ በላዩ ላይ የግብፅ ገበሬ ለሺህ ዓመታት ያረሰው ጥቁር አፈር አብዛኛው ከኢትዮጵያ ደጋ፣ ከዚያው ከባዛልቱ አፋፍ፣ ክረምት በክረምት ታጥቦ የወረደ ነው።