የአያት ውጅግራ

የሐይቅ ልጅ የሆነ አንድ የሥራ ባልደረባዬ፥ የአምባሰል ሰው የነበሩት አያቱ ያወረሱትን ውጅግራ ለጎሽ አደን ሊያሳድሰው ተነሥቷል። አፈሙዙን ሊያሳጥር፥ አቅራቢ መነጽር ሊያስገጥም፥ ዘመናዊ ባሩድ የተሞላ ጥይት ሊያጎርሰው! የአደን ፈቃድ ቢያገኝ እንኳ እኔ ከአጠገቡ አልቆምም።

ውጅግራ ስሙን ያገኘው «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው፤ ግራ ንድፉን ያወጣው መኮንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ሲወጣ ራሱም እድሳት ነበር፤ በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ይጎርስ የነበረው ሻስፖ የተባለ ጠመንጃ፥ የብረት ቀለህ እንዲቀበል ተለውጦ የተገኘ ነውና። አፉ 11 ሚሊሜትር፥ አረሩ 25 ግራም፥ የሚጎርሰውም አንድ ጥይት ብቻ ነው። የተሠራው ግን ለጥቁር ባሩድ ነው። ጢስ የለሹ ባሩድ በ1886 ከለበን ጋር የመጣ ሲሆን፥ ግፊቱ ስለሚበረታ አሮጌውን ብረት ሊሰነጥቀው ይችላል። ያን ጊዜ ስባሪው የሚያገኘው ጎሹን ሳይሆን የተኳሹን ፊት ነው።

ሰደፉን ላስተካክል ቢል ግን ማን ይከለክለዋል? ሰደፍ ለባለቤቱ ክንድ ከረዘመ ልብስ ላይ ይያዛል፤ ካጠረም አውራ ጣት አፍንጫ ይመታል። አያቱ ቁመተ ረጅም ነበሩ፤ እርሱ ግን (ይቅር ይበለኝ) አይደለም። ጥቂት መቁረጥና ጫፉን በቆዳ መለበጥ ለአናጢ ቀላል ሥራ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሰደፉን በክንዱ ሲለካ አገኘሁት። የመነጽሩን ነገር ግን ገና አልተወም።