መስመሩ ሲቋረጥ

ስልክ ምን ይጠቅማል? ስልክ በሚሠራበት ቀን ይህን የሚጠይቅ የለም። በክረምት ስለ ውኃ ማን ይጨነቃል? ጥቅሙ የሚታወቀው ሲጠፋ ነው። ስለዚህ በወለጋ የጠፋበትን ጊዜ እንመልከት።

መጀመሪያ አሠራሩን እንወቅ። በእጅ ስልክ ስንናገር ድምፃችን በዓይን በማይታይ ሞገድ ወደ ቅርቡ የቴሌ ማማ ይሄዳል። ከማማው ወደ ሌላ ማማ፣ ወይም ፋይበር በሚባል ቀጭን የመስታወት ገመድ ወደ ቴሌ ማዕከል ያልፋል። ማዕከሉም ጥሪውን ወደምንፈልገው ሰው ይልከዋል። ኢንተርኔት የሚመጣውም በዚሁ መንገድ ነው። እንግዲህ ስልኩ በእጃችን ቢሆንም ቁልፉ ያለው ማዕከሉ ዘንድ ነው።

ታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ዓ.ም. በቄለም ወለጋ፣ በምዕራብ ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ የእጅ ስልክም፣ የቤት ስልክም፣ ኢንተርኔትም ተቋረጠ። በምሥራቅ ወለጋ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ስልክ የሚሠራው እንደ ነቀምቴ ባሉ ትልልቅ ከተሞች ብቻ ነበር። ማማ ወድቆ ወይም ገመድ ተበጥሶ አይደለም። መስመሩን የዘጋው መንግሥት ነው። በዚያን ጊዜ በአካባቢው የመንግሥት ጦር ከኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት ታጣቂዎች ጋር ይዋጋ ነበር። በአገሩ የነበረው ቴሌም አንድ፣ እሱም የመንግሥት፣ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻ ነበር።

ታዲያ ምን ይከተላል? ወሩ ቡና ተለቅሞ የሚሸጥበት ነው። የጊምቢ ገበሬ የአዲስ አበባን ዋጋ ደውሎ መጠየቅ ካልቻለ ነጋዴው የነገረውን ዋጋ ይቀበላል። ባንክም የደንበኛውን ሂሳብ የሚያየው በመስመር ነው፤ መስመር ከሌለ ገንዘብ እያለን ገንዘብ የለንም። ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ የሚጠራላት ታጣለች። ልጁን ሩቅ አገር ለትምህርት የላከ አባት ደኅንነቱን የሚያውቀው መንገደኛ ሲመጣ ነው። የሚዋጋውም የማይዋጋውም እኩል ተቀጣ ማለት ነው።

ይህ ሳያንስ መጋቢት 4 ቀን የኮሮና በሽታ በአዲስ አበባ ተገኘ። ምልክቱን ያየ ሰው በ8335 እንዲደውል በሬዲዮ ተነገረ። ስልክ የሌለው ሰው በምን ይደውል? መስመሩ የተከፈተው መጋቢት 22 ቀን ነው። ከተዘጋ ሦስት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። በዚያው ዓመት፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ደግሞ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ከሁለት ሳምንት በላይ ተዘጋ።

በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም የሚባል ሁለተኛ ድርጅት በአዲስ አበባ ሥራ ጀምሯል። ሁለት መሆናቸው ይጠቅማል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። ነገር ግን ትእዛዝ ከላይ ከመጣ ሁለቱም ሊዘጉ ይችላሉ።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ማንበብና መጻፍ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። የዘመድና የጤና ጣቢያ ስልክ ቁጥር በደብተር እንጻፍ። የባንክ ደብተርና ደረሰኝ አንጣል። ለክፉ ቀን ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ቤት ይኑር። ከልጆቻችን ጋር ስልክ ቢጠፋ ደብዳቤ በማን እጅ እንደምንልክ አስቀድመን እንነጋገር። ከሁሉም በላይ፣ በስብሰባ ላይ ቢያንስ የሆስፒታልና የአምቡላንስ ስልክ መቼም እንዳይዘጋ ተነሥተን እንጠይቅ። ስልክ ዛሬ ጌጥ አይደለም፤ እንደ መንገድና እንደ ድልድይ የሁላችን ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች፦
1. ስልክ ለሦስት ወር ቢጠፋ በቤታችሁ ቀድሞ የሚቆመው ሥራ ምንድን ነው?
2. የሁለተኛ ድርጅት መኖር የትኛውን ችግር ያቃልላል? የትኛውንስ አያቃልልም?
3. ለልጃችሁ አጭር ደብዳቤ ጻፉ።