የልስን አቧራና የባልዲ ውሃ
የክፍላችን ግድግዳ ተለስኖ ባለቀ ማግስት እኛ ተረኞች ወለሉን በባልዲ ውሃ አጥለቀለቅነው። ሲደርቅ አቧራው ነጭ ቅርፊት ሆኖ ቁጭ አለ! ለካ ሲሚንቶ ውሃ ሲያገኝ ይጠነክራል እንጂ አይሟሟም።

መጀመሪያ ረጠብ ያለ ሰጋቱራ በትኖ ቀስ ብሎ መጥረግ ነበረብን፤ ውሃው ከዚያ በኋላ ነው። በደረቁ መጥረግም አይሆንም፤ በአቧራው ውስጥ ሲሊካ የሚባል የአሸዋ ብናኝ ስላለ ሳንባን ይጎዳል። እኛማ ሁለት ቀን ስንስል ከረምን።

የመስኮቱን መስታወት ያዳነልን አቼቶ ነው። በውሃ በጥብጠን በጨርቅ ስናሸው ኖራውን በልቶ አስለቀቀው። በሲሚንቶ ወለልና በእብነ በረድ ላይ ግን እንዳትሞክሩት፤ ራሳቸውን ይበላቸዋል። የኛን ወለል ገና በላሜራ እየፋቅን ነው።