ትልቅ ቤት ትልቅ ምድጃ ይፈልጋል? የኮሶዬ ብርድና የኪሎዋት ሒሳብ

ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ የሚገኘው ኮሶዬ፣ ከገደሉ አፋፍ ቁልቁል በሚታየው መልክዓ ምድር ምክንያት የሎጅና የሰፊ መኖሪያ ቤት ሠሪዎችን ዓይን የሚስብ ሥፍራ ነው። ከዚያ አልፎ በዳባት በኩል እስከ ስሜን ተራሮች ግርጌ ድረስ ያለው መስመርም እንዲሁ ነው። ይሁንና በዚህ አካባቢ ትልቅ ቤት የሚሠራ ባለሀብት በሲሚንቶና በብረት ዋጋ ብቻ ሒሳቡን ዘግቶ አይገላገልም። ቤቱ ካለቀ በኋላ በየምሽቱ የሚከፈል የብርድ ወጪ አለ።

ደባርቅ ከተማ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ላይ ሲሆን፣ በቡይት ራስ የተሠራው ስሜን ሎጅ ደግሞ 3,260 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት በሚልበት ወቅት ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች መውረዱ የተለመደ ነው። ከፍ ባሉት ቦታዎችም ውርጭ ይጥላል። በክረምት ደግሞ ዝናብና ጉም ይፈራረቃሉ። ስለሆነም በሳሎኑ አንድ ግድግዳ ላይ የድንጋይ ፋየርፕሌስ የሌለው ዕቅድ ለባለንብረቱ ጎደሎ ሆኖ ይታየዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ፋየርፕሌሱ ተሠርቶ እንጨት መብላት ሲጀምር ነው። ያኔ በክፍቱ ምድጃ ውስጥ የሚገባ፣ የመስታወት በር ያለው የብረት ምድጃ መፈለግ ይመጣል። በእንግሊዝኛው ኢንሰርት የሚሉት ይህ ውስጠ ገብ ምድጃ በተለያየ መጠን የሚሠራ በመሆኑ፣ የሻጭም የደላላም ምክር ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ቤቱ ትልቅ ከሆነ ትልቁን መውሰድ። ምክሩ ለሻጩ ያዋጣል። ለገዢው ግን ሁልጊዜ አያዋጣም።

ክፍቱ ፋየርፕሌስ የሚያስከፍለው

በር የሌለው ፋየርፕሌስ ለዓይን ያምራል እንጂ ለማሞቂያነት ደካማ ነው። ከሚነደው እንጨት ሙቀት ውስጥ ለክፍሉ የሚደርሰው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉ ሲሆን ቀሪው በጭስ ማውጫው ይወጣል። ይባስ ብሎ እሳቱ የክፍሉን ሞቃት አየር ስቦ ስለሚያወጣ በበርና በመስኮት ሽንቁር ቀዝቃዛ አየር ከውጭ ይገባል። በምድጃው ፊት የተቀመጠ እንግዳ ፊቱ እየጋለ ጀርባው የሚበርደውም ለዚህ ነው።

ውስጠ ገብ ምድጃ አየሩን በቁጥጥር ስለሚያስገባ ከእንጨቱ ሙቀት 70 በመቶ ያህሉን ለክፍሉ ያስቀራል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው ደንብም፣ በር ያላቸው የእንጨት ማሞቂያዎች በወቅታዊ አሠራራቸው ቢያንስ 65 በመቶ ብቃት እንዲኖራቸው ያስገድዳል። በር ለሌላቸው የተቀመጠው ወለል 30 በመቶ ብቻ ነው።

ልዩነቱን በኩንታል ማስላት ይቻላል። አንድ ኪሎ የደረቀ እንጨት 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት አለው። አንድ ሳሎን 8 ኪሎዋት ሙቀት ፈልጎ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ቢሞቅ፣ የሚያስፈልገው 40 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በውስጠ ገብ ምድጃ ይህንን ለማግኘት 14 ኪሎ ያህል እንጨት ይበቃል። በክፍቱ ፋየርፕሌስ፣ ብቃቱ 15 በመቶ ነው ቢባል እንኳ፣ 67 ኪሎ ይነዳል። በ100 ምሽት አንደኛው 14 ኩንታል፣ ሌላኛው 67 ኩንታል ይፈጃል ማለት ነው። ለስሌት ያህል የኩንታሉ ዋጋ 1,000 ብር ቢባል ልዩነቱ 53,000 ብር ይሆናል። ገዢው የአካባቢውን ዋጋ አስገብቶ ምድጃው በስንት ዓመት ወጪውን እንደሚመልስ በዚሁ መንገድ ሊያሰላ ይችላል።

ስንት ኪሎዋት?

የምድጃ መጠን የሚመረጠው በቤቱ ካሬ ሜትር ሳይሆን ከሚሞቀው ክፍል በሚወጣው ሙቀት መጠን ነው። በአውሮፓ ሻጮች ዘንድ የተለመደው ግምት የክፍሉን ይዘት በሜትር ኩብ አስልቶ ማካፈል ነው። ሙቀት በመጠኑ ለሚይዝ ክፍል ለ15፣ ብርድ በቀላሉ ለሚያስገባ ክፍል ለ10 ይካፈላል። 60 ካሬ ሜትር ስፋትና 3 ሜትር ከፍታ ያለው ሳሎን ይዘቱ 180 ሜትር ኩብ ነው። ስለዚህ እንደ አያያዙ 12 ወይም 18 ኪሎዋት ይወጣለታል።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ ይህ ግምት የተሠራው ውጭው ከዜሮ በታች ሲወርድ ውስጡን 21 ዲግሪ ለማድረስ መሆኑ ነው። የሙቀት ልዩነቱ 22 ዲግሪ ያህል ነው። በኮሶዬ መስመር ውጭው 5 ዲግሪ ሆኖ ውስጡን 20 ለማድረስ ቢታሰብ ልዩነቱ 15 ዲግሪ ነው። ከቤት የሚወጣው ሙቀት ከዚህ ልዩነት ጋር አብሮ ስለሚቀንስ ከአውሮፓው ስሌት ሁለት ሦስተኛው ይበቃል። ያ ሳሎን እንግዲህ 8 ወይም 12 ኪሎዋት ነው የሚፈልገው። ከ18 እጅግ የራቀ ነው።

በ8 እና በ12 መካከል ያለውን ልዩነት የሚወስነው ደግሞ ቤቱ ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀቱን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳም ጠንካራ ይሁን እንጂ ብርድ አይከላከልም። ለመሞቅም ረጅም ሰዓት ይፈልጋል። ኮርኒሱ ሳይሠራ ምድጃውን በ4 ኪሎዋት ማሳደግ፣ ከምድጃው የዋጋ ጭማሪ ሌላ በ100 ምሽት 7 ኩንታል ያህል ተጨማሪ እንጨት ያስወጣል። ኮርኒስ አንዴ ተከፍሎበት ያበቃል። እንጨቱ ግን በየዓመቱ ይገዛል።

ትልቁ ሲከስር፣ ትልቁ ሲያዋጣ

ከሚፈለገው በላይ ትልቅ የሆነ ምድጃ ቤቱን ቶሎ ስለሚያግለው ተጠቃሚው የአየር ማስገቢያውን ይዘጋዋል። አየር ያጠረው እንጨት ደግሞ ከመንደድ ይልቅ ይጨሳል። ጭሱ በቀዝቃዛው የጭስ ማውጫ ግድግዳ ላይ ሬንጅ መሰል ጥቀርሻ ሆኖ ይለጠፋል። መስታወቱ ይጠቁራል፣ ብቃቱም ይወርዳል። የተከማቸው ጥቀርሻ አንድ ቀን በእሳት ከተያያዘ ጣሪያውን ይዞ ይሄዳል። ጎጆ መሰል የሣር ክዳን ላላቸው ሎጆች ይህ ከሁሉ የከፋ ሥጋት ነው።

ይህ ማለት ግን ትልቅ ምድጃ ፈጽሞ አይገዛም ማለት አይደለም። ሳሎኑ ከምግብ ቤቱና ከላይኛው ፎቅ ጋር በክፍት ደረጃ የተያያዘ ከሆነ ይዘታቸው ተደምሮ መሰላት አለበት። ሞቃት አየር በቱቦና በማራገቢያ ወደ ጎረቤት ክፍሎች እንዲሄድ ከታቀደም እንዲሁ። ማራገቢያው ግን መብራት ሲጠፋ ስለሚቆም ያለ ኤሌክትሪክም ሙቀት የሚሰጥ ምድጃ ይመረጣል። ትልቁ ምድጃ ረጅም ግንድ ስለሚቀበል የፈለጣ ጉልበት ይቀንሳል። ፍሙንም እስከ ንጋት ያቆያል።

የማይሠራው አንዱ ምድጃ ሁሉንም ያሞቃል የሚለው ሐሳብ ነው። በኮሪደር የተለያዩ መኝታ ክፍሎችን፣ ይልቁንም በግቢ የተበተኑ ጎጆዎችን፣ የሳሎን ምድጃ የቱንም ያህል ቢያድግ አይደርስባቸውም። ለዚያ የሚወጣው ገንዘብ ለየክፍሉ ትንሽ ማሞቂያ ወይም ለወፍራም ብርድ ልብስ ቢውል ይሻላል።

ቀጭኑ አየርና ጭስ ማውጫው

በደባርቅ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለሆነም የጭስ ማውጫው የመሳብ ኃይልም፣ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በጠረፍ ከተማ ደኅና የሚነድ ምድጃ ኮሶዬ ላይ በሩ ሲከፈት ሳሎኑን በጭስ ሊሞላ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ቁመት ነው። የአምራቹ ሰነድ 4 ሜትር ተኩል የሚል ከሆነ በዚህ ከፍታ 6 ሜትር ቢታሰብ ይመረጣል። ጫፉም ከጣሪያው አናት በላይ መውጣት አለበት። ምድጃውን በአሮጌው ሰፊ የድንጋይ ማውጫ ላይ ብቻ መተው አያዋጣም። ከምድጃው አንገት እስከ ጫፍ የማይዝግ ብረት ቱቦ ይገባበታል። ለመካከለኛ ምድጃ ብዙውን ጊዜ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ለትልልቆቹ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ይጠየቃል። ትልቁን ምድጃ የመረጠ ሰው ትልቁን ቱቦም አብሮ እንደሚገዛ ማወቅ ይኖርበታል።

በርና መስኮቱ ጥብቅ አድርጎ የሚዘጋ አዲስ ቤት ለምድጃው ከውጭ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ያስፈልገዋል። አለበለዚያ ጭሱ ወደ ውስጥ ተመልሶ፣ የከሰል ማንደጃ በተዘጋ ቤት ውስጥ እንደሚያደርሰው ሁሉ፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

እንጨት ሲገዛ ውኃ እንዳይገዛ

በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ዛሬም የደጋው ዋና ማገዶ ነው። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። በኩንታል የሚገዛ ሰው 50 ኪሎ ውኃ ይመዘንለታል። ያን ውኃ ለማትነን ደግሞ ሌላ ሙቀት ይባክናል። እርጥቡ ኩንታል 220 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሲሰጥ፣ እርጥበቱ 20 በመቶ የደረሰው ደረቅ ኩንታል 400 ገደማ ይሰጣል። ደረቁ በእርጥቡ ዋጋ ላይ ግማሽ ተጨምሮበት ቢሸጥ እንኳ ገዢው አይከስርም።

የሚያዋጣው ግን በኅዳር ገዝቶ፣ ፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ አድርጎ ነፋስ በሚያሳልፍ መጠለያ ሥር ደርድሮ በጋውን ማድረቅ ነው። በሰኔ ዝናቡ ሲገባ ክምሩ ዝግጁ ይሆናል። በሐምሌ ማገዶ የሚፈልግ ሰው በውድ ዋጋ እርጥብ እንጨት ያነሳል።

የአገር በቀል ዛፍ ነገር ለብቻው ይታያል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ከልክሎ ነበር። በኋላም ሌሎች የደን አዋጆች ተከትለውታል። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ በኋላ ከ1996 እስከ 2017 ድረስ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ ነው የወጣው። እንግዳውን የሚያመጣለትን ደን በምድጃው የሚያነድ ሎጅ የራሱን ካፒታል እያነደደ ነው።

ከውጭ ወይስ ከአገር ውስጥ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ዋጋው ሌላ ሆኗል። በዚያ ሰሞን 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ብረት ክብደት ያለው ዕቃ ስለሆነ ማጓጓዣውም ቀላል አይደለም። ስለዚህ አላስፈላጊ ኪሎዋት የሚገዛ ሰው በውጭ ምንዛሪ ነው የሚከስረው።

ከውጭ የሚያስመጣ ገዢ ኢኤን 13229 ወይም ኢኤን 16510 የሚል የደረጃ ምልክት ያለበትን ሰሌዳ ይጠይቅ። በሰሌዳው ላይ ኖሚናል የሚለውን ኪሎዋት እንጂ ማክሲመም የሚለውን አይመልከት። ከፍተኛው ቁጥር ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚገኝ ሲሆን ለሽያጭ ማሻሻጫ ግን ምቹ ነው።

የብየዳ ሥራ በሚያውቅ ባለሙያ እጅ ምድጃውን እዚሁ ማሠራትም ይቻላል። ወፈር ያለ ላሜራና እሳት የሚችል ጡብ ይጠይቃል። በሩ ላይ የሚገባው መስታወት ግን ሙቀት የሚችል የሴራሚክ መስታወት መሆን አለበት። ተራ መስታወት ይሰነጠቃል። የበሩ ማሸጊያ ገመድም እሳት የሚችል ካልሆነ አየር ያለ ቁጥጥር እየገባ ምድጃው ወደ ክፍት ፋየርፕሌስነት ይመለሳል።

ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ በተካሄደው ጦርነት፣ ቀጥሎም በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት፣ በዚህ መስመር በእንግዳ ማረፊያ ላይ የዋለ ገንዘብ ተጎድቷል። አሥር ክፍል ኖሮት ሁለቱ ብቻ የተያዙለት ሎጅ ሳሎኑን ማሞቁ አይቀርለትም። አሥሩም ክፍሎች ይሞላሉ በሚል ተስፋ የተገዛው ትልቅ ምድጃ ያን ጊዜ ታፍኖ እየጨሰ ያመሻል። በሚያስፈልገው መጠን የተገዛው ግን በ14 ኪሎ እንጨት ሥራውን ይሠራል። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንዴ ቁረጥ የሚለው የአናጢዎች ምክር እዚህም ይሠራል፦ መጀመሪያ የሚሞቀው ክፍል በሜትር ኩብ፣ ቀጥሎ የፋየርፕሌሱ አፍ ወርድ፣ ቁመትና ጥልቀት፣ በመጨረሻም የጭስ ማውጫው ቁመት ተለክቶ በወረቀት ላይ ይያዝ። ዋጋ መጠየቅ ከዚያ በኋላ ነው።