በክረምት ወራት ስለ ውሾች ጤንነት አጠባበቅ

ክረምት በገባ ጊዜ አገር የሚያስተዳድሩ ሹማምንትና ባለ መሬቶች አስቀድመው የሚያስቡት ስለ ዘርና ስለ በሬ፥ ስለ ድልድይና ስለ መንገድ ነው። ይህም የተገባ አሳብ ነው። ዳሩ ግን በየቤቱ ደጃፍ ተጠቅልሎ የሚተኛው፥ ሌሊት ጅብን ከበረት፥ ቀን ዝንጀሮንና ከርከሮን ከአዝመራ የሚመልሰው ውሻ በዚያው ዝናብና ጭቃ ውስጥ ምን እንደሚያገኘው የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እየተባለ ታማኝነቱ ይነገርለታል፤ ለታማኝነቱ የሚገባውን የሚከፍለው ግን ብዙ አይደለም።

ይህን ነገር መመርመር ውሻን ለማቀማጠል ብቻ የሚደረግ ሊመስል ይችላል። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። የውሻው ጤንነት የባለቤቱ ልጆች፥ የበጎቹና የመንደሩ ሁሉ ጤንነት ነው። ውሻ ቢታመም በሽታው በእርሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ አንዳንዱ በጥርሱ፥ አንዳንዱ በኩሱ፥ አንዳንዱም በቆዳው ወደ ሰውና ወደ ከብት ይተላለፋል። ስለዚህ ጉዳዩ ከቤት ጉዳይነት አልፎ የአስተዳደር ጉዳይ ይሆናል።

ስለ ማደሪያው

ውሻ ብርድን የሚችለው ጠጉሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ጠጉሩ ውሎ አድሮ የራሰ እንደ ሆነ ግን የሰውነቱ ሙቀት ይሸሻል፤ የበላው ምግብ ሁሉ ሰውነቱን ለማሞቅ ስለሚያልቅ ይከሳል፤ የከሳ ውሻም ለማናቸውም በሽታ የተመቸ ይሆናል። በደጋ አገር ታስሮ በዝናብ የሚያድር ውሻ ይህ ሁሉ በቶሎ ይደርስበታል።

ማደሪያውን መሥራት ብዙ ወጪ የለበትም። ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ በድንጋይ ወይም በእንጨት ርብራብ ላይ ቢሠራ ጎርፍ ከሥሩ ያልፋል። ጣራው በሣር ይከደን፤ በሩም ነፋስና ወጨፎ ከሚመጣበት ወገን ተመልሶ ይከፈት። ስፋቱ ውሻው ገብቶ ለመዞር የሚበቃው ያህል ይሁን፤ ከዚያ አብልጦ ቢሰፋ የትንፋሹ ሙቀት አይበቃውም። ወለሉ ላይ ደረቅ ጭድ ይነጠፍ፤ ጭዱም በየሳምንቱ ይለወጥ። የቁንጫ እንቁላል ከውሻው ገላ ወርዶ የሚፈለፈለው በንጣፉ ውስጥ ነውና፥ የወጣው ጭድ ከቤት ርቆ ሊቃጠል ይገባዋል።

ስለ ቆዳውና ስለ እግሩ

በእርጥብ ጊዜ መዥገር፥ ቁንጫና እከክ ይበረታሉ። መዥገር የተገኘ እንደ ሆነ ከቆዳው አጠገብ በወረንጦ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይሳባል እንጂ በባዶ ጣት አይጨፈለቅም። የእከክ ነቀዝ በዓይን የማይታይ እጅግ ትንሽ ፍጥረት ነው፤ የታመመውን ውሻ የሚነካ ሰውም እንዲያሳክከው ያደርጋል። በብዙ ስፍራ ለእከክ ላምባ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ተለምዷል፤ ይህ ግን ቆዳውን ያቃጥላል፥ ውሻውም ራሱን ሲልስ መርዙን ይውጠዋል። እንደዚሁም ለከብት የሚረጨውን የመዥገር መድኃኒት የእንስሳት ሐኪም ልኩን ሳያዝ በውሻ ላይ ማፍሰስ አደገኛ ነው።

ጭቃ በእግሩ ጣቶች መካከል ደርቆ የቀረ እንደ ሆነ ቆዳው ይላጣል፥ ይመግላልም። ማታ ማታ እግሩን በንጹሕ ውሃ አጥቦ በጨርቅ ማድረቅ ይህን ሁሉ ያስቀራል። በዚያውም ጊዜ ጆሮውንና ቁስል ያለበትን ስፍራ መመልከት ያሻል፤ ዝንብ በቁስል ላይ እንቁላል ከጣለ በጥቂት ቀን ትል ይሆናልና።

ስለ ምግቡና ስለ ቡችሎች

በክረምት እንጀራና ዳቦ ቶሎ ይሻግታሉ። የሻገተውን ለውሻ መጣል እንደ ቁጠባ ይቈጠራል፤ ነገር ግን ሻጋታ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ሰው የማይበላው የሻገተ ምግብ ለውሻም አይሆንም። በየጉድጓዱ የተኛውን ውሃ ደግሞ እንዳይጠጣ፥ በቤቱ አጠገብ ንጹሕ ውሃ በገበታ ይቀመጥለት። የአይጥ ሽንት የገባበት ውሃ ጉበትንና ኩላሊትን የሚጎዳ በሽታ ያመጣል፤ ይህም በሽታ ሰውን ይይዛል።

ቡችሎች ከእናታቸው ማሕፀንና ከጡትዋ ወስፋት ይዘው ይወጣሉ። ስለዚህ ከተወለዱ በሁለተኛው ሳምንት የትል መድኃኒት መጀመር፥ ለእናቲቱም አብሮ መስጠት ይገባል። ሆዱ የተነፋ፥ ጠጉሩ የቆመ ቡችላ ጠግቦ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ።

ስለ አዙሪት በሽታ

በደጋ በግ የሚያረቡ ሁሉ አዙሪት የተባለውን በሽታ ያውቁታል። በጉ ራሱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ በአንድ ስፍራ ይዞራል፤ ከመንጋው ይለያል፤ ኋላም መብላት ትቶ ይሞታል። ብዙ ሰው ግን የዚህ በሽታ መነሻ በደጁ የተኛው ውሻ መሆኑን አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በታመመው በግ አንጎል ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አለ፤ በከረጢቱም ውስጥ የኮሶ ትል ራሶች ተደርድረው ይገኛሉ። በጉ ሲታረድ ወይም ሲሞት ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል። ውሻው ከረጢቱን በበላ ጊዜ ራሶቹ በአንጀቱ ተጣብቀው ኮሶ ይሆናሉ፤ እንቁላላቸውም ከኩሱ ጋር ወጥቶ በግጦሽ ላይ ይበተናል። በጉም ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን ይውጠዋል፤ እንቁላሉ ተፈልፍሎ በደም ወደ አንጎል ይወጣል። እንግዲህ በጉ ውሻውን፥ ውሻውም በጉን እያስያዙ ዙሩ አያልቅም። ፀሐይና ድርቀት እንቁላሉን ይገድሉታል፤ የክረምት ብርድና እርጥበት ግን ዕድሜውን ያረዝሙለታል።

በበግና በከብት ጉበትና ሳንባ ላይ የሚገኘው የውሃ ከረጢትም እንደዚሁ ነው፤ የሚከፋው ግን ሰውን መያዙ ነው። ልጅ ውሻውን ዳስሶ እጁን ሳይታጠብ ቢበላ እንቁላሉ ወደ ሆዱ ይገባል፤ ከረጢቱም በጉበቱ ወይም በሳንባው ውስጥ በዝግታ ብዙ ዓመት ያድጋል። በታወቀም ጊዜ መድኃኒቱ ረጅም፥ አንዳንድ ጊዜም በቀዶ ሕክምና ነው።

ይህን ዙር መቍረጥ አስቸጋሪ አይደለም። ጾመ ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ እስከ መስቀል ድረስ በየቤቱ ብዙ በግ ይታረዳል። በዚያ ጊዜ የበሽታ ምልክት ያለበት ጉበት፥ ሳንባና ጭንቅላት በጥልቅ ጉድጓድ ተቀብሮ በድንጋይ ቢደፈን፥ ወይም ቢቃጠል፥ ለውሻ የሚሰጠውም ሥጋ ሁሉ ፈጽሞ ቢቀቀል በሽታው መንገዱን ያጣል። ለውሻም ፕራዚኳንቴል የተባለውን የኮሶ መድኃኒት የእንስሳት ሐኪም እንዳዘዘው በየጊዜው መስጠት ይገባል።

ይህ ከንቱ ተስፋ አለመሆኑን የአይስላንድ አገር ታሪክ ያስረዳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያች የበግ አርቢዎች አገር ይህ የከረጢት በሽታ እጅግ ከበዛባቸው አገሮች አንድዋ ነበረች። በ1864 በፈረንጅ አቆጣጠር ሐራልድ ክራቤ የተባለ የዴንማርክ ሊቅ የበሽታውን መንገድና መከላከያውን ለሕዝቡ በቋንቋው የሚገልጽ ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ የታረደውን ከብት የታመመ ሥጋ መቅበርና ውሾችን የኮሶ መድኃኒት ማጠጣት በሕግ ታዘዘ። አንድ መቶ ዓመት ሳይሞላ በሽታው በሰው ላይ የማይታይ ያህል ሆነ። አገሪቱን ያዳናት ሕዝቡ ምክንያቱን ማወቁና ሹማምንቱ ትእዛዙን ሳይሰለቹ ማስፈጸማቸው ነው።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ

ከሁሉ የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውም ሆነ እንስሳ የሚድንበት መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ በሽታው ወደ ሰው የሚተላለፈውም ከመቶው 99 ያህል በውሻ ነው። በኢትዮጵያም በሽታው ከጥንት የታወቀ ሲሆን፥ በ1903 በፈረንጅ አቆጣጠር በአዲስ አበባ ብርቱ ወረርሽኝ እንደ ነበረ ተጽፏል።

ሰው ሁሉ የሚያውቀው የሚናከሰውንና የሚባዝነውን ውሻ ነው። ዳሩ ግን ጸጥ ብሎ የሚያብድም አለ። መንጋጋው ይወድቃል፥ ለሃጩ ይዝረበረባል፥ ድምፁ ይለወጣል፥ መዋጥ ያቅተዋል። ባለቤቱም አጥንት በጉሮሮው የተሰነቀረበት መስሎት በርኅራኄ እጁን ወደ አፉ ያስገባል። በዚህ ደግነት የሞቱ ሰዎች አሉና፥ እንዲህ ያለውን ውሻ ማንም በእጁ እንዳይነካው ለሕዝቡ ሊነገር ይገባል።

የተነከሰ ሰው ቁስሉን በዚያው ሰዓት በሳሙናና በብዙ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ በዚያውም ቀን ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ሉዊ ፓስተር ሐምሌ 6 ቀን 1885 በፈረንጅ አቆጣጠር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ካዳነ ጀምሮ፥ በጊዜው የተከተበ ሰው ሊድን እንደሚችል ታውቋል። ጸሎትና ጸበል የሰው እምነቱ ናቸው፤ ከሐኪም ጋርም አይጣሉም። ነገር ግን የባህል መድኃኒት እያጠጡ ሳምንታት ማሳለፍ የሚያድነውን ጊዜ ማጥፋት ነው፤ በሽታው ብዙ ጊዜ ሁለትና ሦስት ወር ተደብቆ ስለሚቆይ የባህሉ መድኃኒት የሠራ ይመስላልና።

የባሌ ተራሮች ምሳሌ

በሽታው ወደ ዱር አራዊትም እንደሚሻገር በባሌ ተራሮች ታይቷል። በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘውና በጠቅላላው 500 ያህል እንኳ የማይሞላው ቀይ ቀበሮ በዚያ በብዛት ይኖራል። በ2003 በፈረንጅ አቆጣጠር በእረኞች ውሾች በኩል የመጣው የእብድ ውሻ በሽታ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት እጅ ሦስት እጅ ያህሉን ፈጀ። ወደ ሌሎቹ ሸለቆዎች እንዳይዛመት ያገደው በመካከሉ ላሉት ቀበሮዎች ክትባት በፍጥነት መሰጠቱ ነበር። ባለቤት ያላቸው ውሾች አስቀድመው በሙሉ ቢከተቡ ኖሮ ያ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ሹማምንት ሊያደርጉት ስለሚገባ

አንዳንድ ሹማምንት በሽታው በተሰማ ጊዜ በሥጋ መርዝ አድርገው ውሾችን ማስገደል ይወዳሉ። ይህ ሥራ ለዓይን ፈጣን ይመስላል፤ ጥቅሙ ግን አይገኝም። በሞቱት ፈንታ ከሌላ ስፍራ ያልተከተቡ ውሾች ይገባሉ፤ የተከተቡትም አብረው ያልቃሉ፤ መርዙንም ጥንብ አንሳና ሌሎች አራዊት ይበሉታል። በሽታውን የሚቈርጠው ክትባት ነው፤ ከ100 ውሾች 70 ያህሉ ቢከተቡ በሽታው የሚተላለፍበት ያጣል።

ስለዚህ በየወረዳው ያሉ ሹማምንትና ባለ መሬቶች የሚከተለውን ተግተው ቢፈጽሙ መልካም ነው።

1ኛ፤ በሚያዝያ የየቀበሌው ውሾች ይቈጠሩ። ቍጥሩ ሳይታወቅ የክትባቱ ልክ አይታወቅምና።

2ኛ፤ ክትባቱ እስከ ግንቦት መጨረሻ ይሰጥ። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ሊጓዝ ይገባል፤ በሐምሌ ጭቃ መንገድ ሲዘጋ ግን በበረዶ ሣጥን የተጫነው መድኃኒት መንገድ ላይ ይበላሻል። ደግሞም የተከተበው ውሻ ሰውነት መከላከያውን እስኪያበጅ አንድ ወር ያህል ይፈልጋል።

3ኛ፤ ሰውን የነከሰ ውሻ በአደጋ ሳይሆን መያዝ ከተቻለ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቅ። የተነከሰው ሰው ግን ይህን ሳይጠብቅ ሕክምናውን ይጀምር።

4ኛ፤ በየማረጃው ስፍራ ክዳን ያለው ጉድጓድ ይቈፈር፤ ውሻም እንዳይገባ ይታጠር።

5ኛ፤ በየትምህርት ቤቱና በየገበያው ስለ እጅ መታጠብና ስለ ቁስል አጠባ ለሕዝቡ ይነገር።

ዓለም የእብድ ውሻ በሽታን የሚያስብበት ቀን ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ቀን ሲሆን፥ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መስከረም 18 ቀን፥ የመስቀል በዓል ማግስት ይውላል። ክረምቱ አልፎ አደይ በፈነዳ ጊዜ፥ ደመራው በተለኮሰ ማግስት፥ እያንዳንዱ ሹም የወረዳውን ውሾች ቍጥርና ከእነርሱም የተከተቡትን በመዝገብ አይቶ ሊናገር ቢችል፥ በዚያ ክረምት ያልሞቱት ልጆችና ያልዞሩት በጎች የሥራው ምስክር ይሆኑለታል።