ወይዘሮ ፀሐይ ቶለሳ በእስራት ዘመን



እርዳታ ስንል እህል ማደልና የውኃ ጉድጓድ ማስቆፈር ብቻ እንዳይመስለን ይህን ታሪክ እናስታውስ።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ወንጌልና ልማት እንደማይነጣጠሉ፣ የሚገለገለውም ሰው በሙሉነቱ እንደሆነ አስተማሩ። ቤተ ክርስቲያን የደርግ መሣሪያ እንድትሆንም አልፈቀዱም። ስለዚህ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከአምልኮ በኋላ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ጋር ታፈኑ። ቄስ ጉዲና ተገደሉ፤ ወይዘሮ ፀሐይ ግን ከከተማው ውጭ ተጣሉ።

ፈተናው በዚህ አላበቃም። በ1972 ዓ.ም. ወይዘሮ ፀሐይ ራሳቸው ተያዙ። በድብደባ ክፉኛ ተሠቃዩ፤ ፍርድ ቤት ሳይቀርቡም አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። የባለቤታቸው አስከሬን የተገኘው ደርግ በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ነው። እምነታቸውን ሳይጥሉ ኖረው በ2007 ዓ.ም. ዐረፉ።

ወደ ዕብራውያን 13፥3 እስረኞችን እንድናስብ ያዘናል። እንግዲህ በየጉባኤያችን እንጠያየቅ፤ የታሰረን ሰው ማን ይጎበኛል? ስንቁን ማን ያደርሳል? ልጆቹን ማን ያሳድጋል? ይህም አገልግሎታችን ነው።