የበረሃ አንበጣን በቀለሙ መለየት

የበረሃ አንበጣ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሕንድ በሚዘረጋው ደረቅ ምድር የሚኖር የፌንጣ ዝርያ ነው። በተናጠል ሲኖር ጉዳቱ እምብዛም ነው፤ ከዝናብ በኋላ በዝቶ ሲሰባሰብ ግን ጠባዩም ቀለሙም ይለወጣል። ክንፍ ያላወጣው ኩብኩባ ቢጫና ጥቁር ሲሆን፣ በምድር ስለሚጓዝ መከላከሉ የሚቀለው በዚሁ ዕድሜው ነው። ክንፍ ካወጣ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊበር ይችላል። ሮዝ መንጋ ለመራባት ገና አልደረሰም (ሰብል አይበላም ማለት ግን አይደለም)፤ ቢጫው እንቁላሉን እርጥብ አሸዋማ አፈር ውስጥ ይጥላል፤ በሞቃት ወቅት በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። ስለዚህ ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ የሚያመለክት አርሶ አደር ወይም አርብቶ አደር ከቦታውና ከሰዓቱ ጋር ቀለሙንም ማስታወቅ ይኖርበታል። መድኃኒት የተረጨበት አንበጣ ለሰውም ለዶሮም ምግብ አይሆንም።